ከነጻነት አዋጁ ግርጌ ስሟን ያሰፈረች አታሚ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ በአሌክሳንድሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ባልቲሞርን የምናውቃት በአብዛኛው በአውሮፕላን ማረፊያዋ ነው። ዘመድ ለመቀበል ወይም ለመሸኘት በዘጠና አምስት ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን እንነዳለን፤ ሻንጣ ጭነን እንመለሳለን። ከአውሮፕላን ማረፊያው ትንሽ አለፍ ብላ በምትገኘው የወደብ ከተማ፣ የዛሬ 250 ዓመት ገደማ፣ አንዲት ባል ያላገባች ሴት ጋዜጣ እያተመች አንድ ሙሉ ጦርነት እንዳሳለፈች የምናውቅ ጥቂቶች ነን። እኛም ራሳችን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

የእርሷን ታሪክ ዛሬ ለማንሳት የወደድነው ያለ ምክንያት አይደለም። በስደት ያለን ጋዜጦችና ድረ ገጾች አንድ የቆየ ጭቅጭቅ አለብን። በብዕር ስም የሚጽፍ ሰው ጽሑፍ ይውጣ ወይስ አይውጣ? ጽሑፉ የነካው ወገን ገና ከመነሻው የሚጠይቀው የተጻፈው እውነት ነው ወይ ብሎ አይደለም፤ ማነው የጻፈው ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ምን እንደምንመልስ ሁላችንም እናውቃለን። ከራሳችን ጎራ፣ አብሮን ሰልፍ ከወጣው፣ አብሮን ጧፍ ካበራው ሰው ሲመጣ ግን ምላሳችን ይተሳሰራል። የባልቲሞሯ አታሚ ላይ የደረሰው ይኸው ሁለተኛው ነበር። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን ለይተን እንናገራለን።)

ሜሪ ካትሪን ጎዳርድ የተወለደችው ጁን 16 ቀን 1738 በኮነቲከት ቅኝ ግዛት ነው። አባቷ ጋይልስ ጎዳርድ ሐኪም ሲሆን በኒው ለንደን ከተማ የፖስታ ቤት ሹምም ነበር። እናቷ ሣራ አፕዳይክ ከሮድ አይላንድ ባለ ርስት ቤተሰብ የወጣች፣ ለዘመኗ ሴት ከሚፈቀደው በላይ የተማረች ነበረች፤ ልጆቿን ያስተማረችውም እርሷው ናት። በኋላ እንደሚታየው የዚህ ቤተሰብ ዕጣ ከጅምሩ በሁለት ነገር ላይ የተቋጠረ ነበር፤ በፖስታና በሕትመት።

ወንድሟ ዊልያም ከእርሷ በሁለት ዓመት ያንሳል። በልጅነቱ ለሕትመት ሥራ ተቀጥሮ ሙያውን ተማረ። አባታቸው ከሞተ በኋላ በ1762 እናቲቱ ገንዘብ አበደረችውና በሮድ አይላንድ ፕሮቪደንስ ከተማ የመጀመሪያውን ማተሚያ ቤት ከፈተ። በዚያው ዓመት ፕሮቪደንስ ጋዜት የተባለውን ጋዜጣ ጀመረ። እናትና እህትም ወደ ማተሚያ ቤቱ ገቡ። ሜሪ ካትሪን ፊደል መልቀም የተማረችው እዚያ ነው።

የዚያን ዘመን ማተሚያ ቤት ምን እንደሚመስል ለወጣት አንባቢዎቻችን ትንሽ እንግለጽ። ዛሬ አንድ ጽሑፍ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ከዋሽንግተን ጎንደር ይደርሳል። ያኔ ፊደል ለቃሚው እያንዳንዷን የእርሳስ ፊደል ከሣጥኗ እየለቀመ፣ በግልባጭ እየደረደረ፣ መስመር በመስመር ገጽ ይሠራል። ሁለት ሠራተኞች በእንጨቱ ማተሚያ ፊት ይቆማሉ። አንዱ በቆዳ የተለበጠ ድቡልቡል ነገር ቀለም ነክሮ ፊደሉን ይቀባል፤ ሌላው ቀድሞ በውኃ የራሰውን ወረቀት አስገብቶ ማንሻውን በሙሉ ጉልበቱ ይስባል። ሁለቱ ጎበዞች ከሆኑ በሰዓት ሁለት መቶ ያህል ወረቀት፣ ያውም በአንድ ወገን ብቻ፣ ያትማሉ። ወረቀቱ ከቡትቶ ጨርቅ የሚሠራ ነበርና አታሚዎች በገዛ ጋዜጣቸው ላይ አንባቢውን አሮጌ ጨርቅ አምጡልን እያሉ ይማጸኑ ነበር። ጋዜጣው በሳምንት አንዴ የሚወጣ አራት ገጽ ነው። ደንበኛው ብዙ ጊዜ በብር አይከፍልም፤ ዱቄት፣ ቅቤ፣ የአሳማ ሥጋ ያመጣል። ዕዳውን ጨርሶ የማይከፍለውም ብዙ ነበር። ይህንኛው ለእኛም እንግዳ አይደለም።

ዊልያም ጎዳርድ ጎበዝ ግን ነገረኛ ሰው ነበር። ጋዜጣ ይከፍታል፤ ከሸሪኮቹ ጋር ይጣላል፤ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። እንግሊዞች በ1765 የቴምብር አዋጅ የተባለውን ግብር በጋዜጦች ላይ ሲጥሉ የፕሮቪደንሱን አቋርጦ ሄደ። ጋዜጣውን እንደገና አስነስተው እስከ 1768 ያቆዩት እናትና ልጅ ናቸው። ከዚያ ወደ ፊላደልፊያ ተከተሉት። እናቲቱ በ1770 እዚያው ዐረፈች። ዊልያም ከሸሪኮቹ ጋር በየገጹ ሲሰዳደብ፣ በዕዳም ሲታሰር፣ ማተሚያ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ሜሪ ካትሪን ነበረች። በጋዜጣው ላይ የሚነበበው ግን የእርሱ ስም ነው።

በ1773 ዊልያም ባልቲሞር ገባ። ኦገስት 20 ቀን የከተማዋን የመጀመሪያ ጋዜጣ አወጣ፤ ስሙም ሜሪላንድ ጆርናል። የዚህ ጋዜጣ የመጀመሪያ እትም እኛን የዚህ አካባቢ ነዋሪዎች የሚመለከት አንድ ነገር አለው። ከአሌክሳንድሪያ በስተ ደቡብ በማውንት ቨርነን የሚኖር ጆርጅ ዋሽንግተን የተባለ የመሬት ከበርቴ በኦሃዮ ወንዝ አካባቢ ያለውን 20 ሺህ ኤከር መሬት ለማከራየት ማስታወቂያ አውጥቶበታል። በዚያን ጊዜ አሌክሳንድሪያ የራሷ ጋዜጣ አልነበራትም፤ የመጀመሪያው የታተመው ከ11 ዓመት በኋላ በ1784 ነው። ዋሽንግተን የሚባለው ከተማማ ጨርሶ አልተፀነሰም። የጎዳርዶችና የዋሽንግተን ስም አንድ ላይ የታየው እንግዲህ በመሬት ኪራይ ማስታወቂያ ነበር። በሌላ ጉዳይ ተመልሰው ይገናኛሉ።

ዊልያም በባልቲሞር አንድ ትልቅ ሐሳብ ያዘ። በቅኝ ግዛቶቹ ውስጥ ፖስታ የእንግሊዝ ንጉሥ ነበር። የንጉሡ ፖስታ ቤት ያልወደደውን ጋዜጣ አላደርስም ሊል፣ ወይም ዋጋውን ከአቅም በላይ ሊቆልል፣ ደብዳቤም ከፍቶ ሊያነብ ይችላል። በእኛ ቋንቋ የንጉሡ ፖስታ ማለት በ2006 ድረ ገጾቻችን አገር ቤት እንዳይነበቡ የዘጋውና እስከ 2018 ዘግቶ ያቆየው የመንግሥት ቴሌ ማለት ነው። ዊልያም መልሱ የራሳችንን ፖስታ መክፈት ነው ብሎ በፈረስ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሰው አሳመነ፤ ገንዘብም አሰባሰበ። አህጉራዊው ኮንግረስ ይህን ውጥን መሠረት አድርጎ ጁላይ 26 ቀን 1775 የራሱን ፖስታ አቋቋመ። ሹመቱን ግን ዊልያም ሲጠብቀው ለቤንጃሚን ፍራንክሊን ሰጠው፤ ዊልያም ዕድሜ ልኩን የሚያብሰለስለው ቂም ሆነበት።

እርሱ በፈረስ ላይ ሳለ ጋዜጣው በማን እጅ ነበር? ሜሪ ካትሪን ከ1774 ጀምሮ የሜሪላንድ ጆርናልን ሥራ ይዛለች። ሜይ 10 ቀን 1775 ደግሞ አሳታሚዋ መሆኗ በግርጌው ላይ ወጣ፤ ኤም. ኬ. ጎዳርድ በሚል ምሕፃር። በዚያው ዓመት የባልቲሞር ፖስታ ቤት ሹም ሆነች። የ37 ዓመት ሴት ነበረች።

በእርግጥ ሴት አታሚ በዚህ አገር ብርቅ አልነበረም። እዚሁ ሜሪላንድ አናፖሊስ ላይ አን ካትሪን ግሪን ባሏ ከሞተ ከ1767 ጀምሮ ሜሪላንድ ጋዜትን አሳትማለች። ከወንዙ ማዶ በቨርጂንያ ዊልያምስበርግ ክሌመንቲና ሪንድም ባሏ ሲሞት በ1773 ጋዜጣውን ተረክባ በሚቀጥለው ዓመት እስክታርፍ ይዛዋለች። እነዚህ ግን ማተሚያ ቤቱን ከነዕዳው ከባል የወረሱ ባልቴቶች ናቸው። ሜሪ ካትሪን የወረሰችው የለም። በወንድሟ ስም የምትሠራ እህት ነበረች። በኋላ የተጎዳችውም በዚሁ ነው።

ጦርነቱ ሲጀመር ወረቀት ጠፋ፣ የኮንግረሱ ገንዘብ ዋጋ አጣ፣ ፖስተኞች ያለ ጥሬ ብር አንነቃነቅም አሉ። ሜሪ ካትሪን የፖስተኞቹን ክፍያ ከራሷ ኪስ እያወጣች ሸፈነች። ይህን እንድትመለከቱልን የምንፈልገው ወደ ኋላ ስለምንመለስበት ነው። የመንግሥት ሹም ሆና መንግሥትን የምታበድር እርሷ ነበረች።

በ1776 ዲሴምበር የእንግሊዝ ጦር ወደ ፊላደልፊያ ሲጠጋ ኮንግረሱ ሸሽቶ ባልቲሞር ገባ፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻም እዚያው ተሰበሰበ። የነጻነት አዋጁ ከታተመ ያኔ ወራት አልፈዋል። ጁላይ 4 ቀን ማታ ጆን ደንላፕ ፊላደልፊያ ላይ ያተመው የመጀመሪያው ቅጂ ግን የያዘው የሊቀ መንበሩን የጆን ሃንኮክንና የጸሐፊውን የቻርልስ ቶምሰንን ስም ብቻ ነበር። የቀሩት ፈራሚዎች ማን ማን እንደሆኑ ሕዝቡ በይፋ አልተነገረውም። ነገሩ ግልጽ ነው። ፊርማው በንጉሡ ሕግ ክህደት ነው፤ የክህደት ቅጣት ደግሞ ስቅላት ነው።

ጃንዋሪ 18 ቀን 1777 ኮንግረሱ አዋጁ ከፈራሚዎቹ ስም ዝርዝር ጋር ታትሞ ለየግዛቶቹ እንዲላክ ወሰነ። ዋሽንግተን በትሬንተንና በፕሪንስተን ድል ያደረገው ገና በሳምንታት ውስጥ ነበር፤ ድፍረቱ ከዚያ ሳይመጣ አልቀረም። ሥራው ባልቲሞር ለነበረችው አታሚ ተሰጠ። ሜሪ ካትሪን 55 ስሞችን ደረደረች። (56ኛው፣ የዴላዌሩ ቶማስ ማኪን፣ በዚያ ዝርዝር የለም።) ከዚያ ከወረቀቱ ግርጌ የአታሚው ስም የሚገባበት ቦታ መጣ። በጋዜጣዋ ላይ እንደለመደችው ኤም. ኬ. ብላ ማለፍ ትችል ነበር፤ ሴት መሆኗ እንኳ አይታወቅም። እርሷ ግን በባልቲሞር፣ ሜሪላንድ፣ በሜሪ ካትሪን ጎዳርድ መታተሙን ሳታሳጥር አሰፈረች። ፈራሚዎቹ ሰውን ተሰብስበው ነው የፈረሙት። ከእነርሱ በታች ያለው ስም ብቻውን ነው።

ምን አስባ እንዳደረገችው የጻፈችው ነገር ስለሌለ እኛም አንጨምርባትም። የምንለው ቢኖር፣ አታሚ ስሙን ከግርጌ ማድረጉ ምን ማለት እንደሆነ የኛ ሰው ያውቀዋል ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ከወጣ ወዲህ በየጋዜጣው ገጽ ላይ በትንሽ ፊደል የሚታተመው የዋና አዘጋጅ ስም ፖሊስ መጀመሪያ የሚያነበው መስመር ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ማዕከላዊና ቃሊቲ የገቡት፣ ከዚያም ተርፈው እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ የምናገኛቸው አዘጋጆች ያንን መስመር አሳምረው ያውቁታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አዋጁ ከታተመ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ፣ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1777፣ ሜሪላንድ ጆርናል እውነት ተናጋሪው ቶም በሚል የብዕር ስም የተጻፈ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ የእንግሊዙ ጄነራል ሃው ያቀረበውን የእርቅ ሐሳብ ያወድሳል፤ ንጉሡ ምንኛ ለጋስ ነው፣ ቶሎ ብለን እንቀበለው ይላል። ማንበብ ለሚችል ሰው ሽሙጥ መሆኑ ያስታውቃል። ቅኔውን ያልፈታው ግን ሰሙን ይዞ ጮኸ። በባልቲሞር ራሱን የዊግ ክለብ ብሎ የሰየመ፣ የአርበኝነት ዘብ ነኝ የሚል ቡድን ነበር፤ ማን ከሃዲ ማን ታማኝ እንደሆነ እየመዘነ ሰው ከከተማ የሚያስወጣ። ሰዎቹ ወደ ማተሚያ ቤቱ መጡና የጸሐፊውን ስም አምጪ አሏት።

ስሙን አልሰጠቻቸውም፤ ወደ ወንድሟ መራቻቸው። ዊልያምም አልናገርም አለ። በግድ ወስደው ክለባቸው ፊት አቆሙት፤ አሁንም አልናገርም አለ። ከከተማው በአንድ ቀን፣ ከአውራጃው በሦስት ቀን ውስጥ ውጣ ብለው ፈረዱበት። ዊልያም አናፖሊስ ሄዶ ለሜሪላንድ ምክር ቤት አቤት አለ፤ ክለቡን የሚያሳጣ ትንሽ መጽሐፍም አሳተመ። ወደ ባልቲሞር ሲመለስ እንደገና ያዙት። በኤፕሪል ምክር ቤቱ ክለቡ ያደረገው የሕዝብን መብት የሚጥስ ነው ብሎ ወሰነ፤ ገዥው ቶማስ ጆንሰንም እንዲህ ያሉ ቡድኖች እንዲበተኑ አዋጅ አወጣ። ገና አንድ ዓመት ያልሞላው፣ በጦርነት መሐል ያለ መንግሥት ከራሱ ደጋፊዎች ጋር ተጣልቶ ለአታሚ መፍረዱ ቀላል ነገር አይደለም።

ጸሐፊው ማን ነበር? በኋላ እንደታወቀው ሳሙኤል ቼስ ነው። ሳሙኤል ቼስ ደግሞ የነጻነት አዋጁን ከፈረሙት አራት የሜሪላንድ ሰዎች አንዱ ነው። ሜሪ ካትሪን በጃንዋሪ ስሙን ከነአባቱ በይፋ አትማዋለች፤ በማርች ያው ስም ከማተሚያ ቤቷ እንዳይወጣ ተደረገ። የዊግ ክለብ ከሃዲ ብሎ ሲያድነው የነበረው ሰው ከክለቡ አባላት ሁሉ በላይ አንገቱን ለገመድ ያቀረበ ሰው ነበር።

የቼስን መጨረሻም ሳንነግራችሁ አናልፍም። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። በ1800 ጄምስ ካሌንደር የተባለ ጸሐፊ ፕሬዚዳንት አዳምስን ተሳድበሃል ተብሎ በአመፅ አነሳሽነት ሕግ ሲከሰስ ሪችመንድ ላይ የዳኘው ቼስ ነው። ጸሐፊው ዘጠኝ ወር እስርና 200 ዶላር መቀጫ ተፈረደበት። በዚህም ምክንያት ጭምር ቼስ በ1804 በሕግ መወሰኛው ፊት ተከሰሰና በሚቀጥለው ዓመት ነጻ ወጣ። በአታሚ ዝምታ የዳነ ሰው ሥልጣን ሲይዝ ጸሐፊ አሰረ። ይህን ዓይነት ሰው በእኛም አገር አይተናል፤ ስም መጥራት አያስፈልገንም።

ሁለተኛው ፈተና በ1779 ጁላይ መጣ። ከሠራዊቱ አገልግሎት የታገደው ጄነራል ቻርልስ ሊ የዋሽንግተንን አመራር የሚነቅፉ ጥያቄዎችን ጽፎ ሰጠ፤ ሜሪላንድ ጆርናልም አወጣው። ዋሽንግተንን መንቀፍ በዚያ ወቅት ምን እንደሚመስል ለመገመት አያዳግትም። መኮንኖች የሚመሩት ሕዝብ ተሰብስቦ ዊልያምን ያዘው፤ ገመድም አሳዩት። ይቅርታ ጽፎ እንዲያሳትም አስገደዱት። እርሱም አሳተመ። ነገሩ ከበረደ በኋላ ያንን ይቅርታ አንስቻለሁ፣ በግድ የተጻፈ ነው ብሎ በዚያው ጋዜጣ አወጣ። ዊልያምን ነገረኛ ብለነዋል፤ ነገረኛነቱ የጠቀመበት ጊዜ እንደነበር ግን እንመሰክርለታለን።

አደጋው ሁሉ በወንድሟ ላይ ከወደቀ እርሷ ምን አደረገች የሚል ይኖራል። በ1776 አንድ ሰው በታተመ ጽሑፍ ተቆጥቶ ማተሚያ ቤቷ ድረስ መጥቶ ሲሰድባትና ሲዝትባት ለከተማው ኮሚቴ ራሷ ከሳዋለች፤ ኮሚቴውም ከእርሷ ጋር ቆሟል። ከሁሉም በላይ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ጋዜጣው ወጥቷል። ሰው ከማተሚያ ቤት እየተጎተተ በተወሰደ ማግስት ፊደል የለቀመ፣ ወረቀት ያራሰ፣ ፖስታ ያከፋፈለ አንድ ሰው ነበረ። በአገራችንም የታሰረውን እንጂ በማግሥቱ ጋዜጣውን ያወጣውን የሚያነሳ ጥቂት ነው።

ሰላም ሲመጣ ዊልያም ጋዜጣውን ፈለገው። ጃንዋሪ 1784 ላይ የእርሷ ስም ከግርጌው ወጥቶ የእርሱ ገባ። አሥር ዓመት ሙሉ ያቆመችውን ቤት ወንድም መጥቶ ወሰደው። ለ1785 ዓ.ም. ሁለቱም የየራሳቸውን አልማናክ፣ ማለትም የዓመቱን የዘመን መቁጠሪያ፣ አሳተሙ፤ ዊልያምም እህቱን በአደባባይ ዘለፈ። ከዚያ በኋላ አልታረቁም። ዊልያም በ1792 ጋዜጣውን ሸጦ ወደ ሮድ አይላንድ ተመለሰ።

እርሷ ፖስታ ቤቱና የመጻሕፍት መሸጫዋ ቀሩላት። ነገር ግን በ1789 ጆርጅ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ሲሆን አዲሱ የፖስታ ዋና ሹም ሳሙኤል ኦስጉድ ሹመቱን ከእርሷ ወስዶ ለአናፖሊሱ ጆን ዋይት ሰጠው። የተሰጣት ምክንያት ሥራው ከእንግዲህ በየከተማው መጓዝን የሚጠይቅ በመሆኑ ሴት አትችለውም የሚል ነበር። ከ200 በላይ የባልቲሞር ነጋዴዎችና ሹማምንት ትመለስልን ብለው ፈረሙ። ኦስጉድ አልሰማም። በዲሴምበር ለራሱ ለዋሽንግተን ጻፈች። የ14 ዓመት አገልግሎቷን ዘረዘረች፤ ለፖስተኞች ከኪሷ ያወጣችውን አነሳች፤ ሥራው ሲያከስር እርሷ ይዛው ሲያተርፍ ለሌላ መሰጠቱን አመለከተች። ጃንዋሪ 1790 የመጣው መልስ አጭር ነው፤ ጉዳዩ የፖስታ ዋና ሹሙ ስለሆነ ጣልቃ አልገባም የሚል። ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤትም አቤት አለች፤ የመጣ ነገር የለም።

የጋዜጣው የመጀመሪያ እትም የዋሽንግተንን መሬት ለማስተዋወቅ ነበር። የእርሱን ጦር ድል በየሳምንቱ ለሕዝብ ያደረሰች፣ ለእርሱ መንግሥት ፖስታ ጥሬ ብር ያበደረች እርሷ ናት። ዋሽንግተንን ክፉ ለማለት አይደለም፤ የመሥሪያ ቤት ሥርዓት አክብሯል ሊባል ይችላል። የምንለው ያኔም ቢሆን ከትግሉ በኋላ ሥልጣን ሲከፋፈል ማን ከበር እንደሚቀር አስቀድሞ የተወሰነ መሆኑን ነው።

ሜሪ ካትሪን ከዚያ ወዲያ ለሃያ ዓመት ገደማ ባልቲሞር ውስጥ መጽሐፍና የጽሕፈት ዕቃ እየሸጠች ኖረች። አላገባችም፤ ልጅ አልወለደችም።

አንድ ነገር ደብቀን ይህን ታሪክ ብንጨርስ ያንን ሁሉ ስለ ስም የተናገርነውን ማፍረስ ነው። በዚያ ዘመን ጋዜጦች፣ የእርሷንም ጨምሮ፣ ከሚተዳደሩባቸው ማስታወቂያዎች ውስጥ ባሪያ ይሸጣል፣ ባሪያ ጠፍቶብኛል የሚሉ ነበሩ። ጠፋ ስለተባለው ሰው የሚጻፈው ቁመቱ፣ ጠባሳው፣ የለበሰው ልብስ ነው፤ ላገኘው የሚሰጠው ወሮታም። ሰዎች ሁሉ እኩል ተፈጥረዋል የሚለውን አዋጅ ያተሙ እጆች እነዚያንም አትመዋል። በቤቷም ቤሊንዳ ስታርሊንግ የምትባል ጥቁር ሴት በባርነት ታገለግላት ነበር።

ሜሪ ካትሪን ጎዳርድ ኦገስት 12 ቀን 1816 በ78 ዓመቷ ባልቲሞር ውስጥ ዐረፈች፤ ዊልያም በሚቀጥለው ዓመት ተከተላት። በኑዛዜዋ ለወንድሟ ምንም አልተወችም። ቤሊንዳ ስታርሊንግ ነጻ እንድትወጣ አዘዘች፤ ያላትንም ንብረት ሁሉ ለእርሷ አወረሰች።